የማብረጃው መንገድ

ሰው ያለወትሮው ደግ ሲሆንልኝ ኪሴን የምዳብስ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ይህን አመል ከአባትህ ወረስከው ትለኛለች። እኔ ግን ከመንገዱ ነው የወረስኩት ባይ ነኝ። ጭሮ ውስጥ በዋናው አስፋልት ዳር ተወልዶ፣ ወደ ሐረር የሚወጣውንና ከሐረር የሚወርደውን ሁሉ ደጁ ላይ ሆኖ ሲያይ ያደገ ሰው፣ የቆመ መኪና ባየ ቁጥር ለምን እንደቆመ ሳያጣራ እህል አይዋጥለትም።

ከተማችን ራሷ ሁለት ስም አላት። የድሮ ሰዎች አሰበ ተፈሪ ይሏታል፤ ያሁኖቹ ጭሮ ይሏታል። እኔ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ሽቦና ቀለም እሸጣለሁ። የማላውቀው ሰው ገብቶ ዋጋ ሲጠይቀኝ ቶሎ አልመልስለትም። ትንሽ አጫውተዋለሁ። ከተማዋን በየትኛው ስም እንደሚጠራት ከሰማሁ በኋላ ከማን ወገን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ምን ያህል እንደሚከራከር በግምት እደርስበታለሁ። ብዙ ጊዜ እሳሳታለሁ፤ ቢሆንም ልማዱን አልተውኩትም።

ለመንገዱም በየመንግሥቱ ስም ሲወጣለት ኖሯል ይባላል። አንዱም አልያዘለትም። ከተማው በሙሉ አስፋልቱ ብሎ ይጠራዋል፣ በቃ። የእኛ ሰፈር ያለበት ክፍል ብቻ የራሱ ስም ነበረው፤ ማብረጃ። ያን ስም ያወጡለት ሾፌሮች ናቸው። ከአሰቦትና ከሚኤሶ ቆላ ጭነት ይዞ ዳገቱን የሚወጣ መኪና እኛ ደጅ ሲደርስ ሞተሩ እንደ ድስት ይፈላ ነበር። ተሳቢ የሚጎትቱት እነዚያ ኤንትሬ የሚባሉ አሮጌ የጭነት መኪኖች አፈሩ ላይ ወጣ ብለው ይቆማሉ፤ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል፤ ኮፈኑ ይከፈታል፤ ከዚያ ሁሉም የሚጠብቀው እናቴን ነው። አባቴ ሲሞት እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። እናቴ ለራዲያተሩ ውሃ፣ ለሾፌሩ ደግሞ ሆጃ እየሸጠች አሳደገችኝ። የቡና ገለባ በወተት አፍልታ፣ ጨው ጣል አድርጋበት በጣሳ ስትሰጣቸው፣ ሾፌሮቹ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ይጠጣሉ። አማርኛም የለመደችው ከእነሱ ነው። ስለዚህ አንዳንድ የምታውቃቸው የአማርኛ ቃላት በሰው ፊት የሚነገሩ አይደሉም።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ጥሩ ጥሩ መኪና መጣ፤ ዳገቱን ሳያቃስት ወጥቶ ወደ ሂርና ያልፋል። ቀጥሎ ከሚኤሶ በቆላው ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው መንገድ ተሠራና ትልልቁ ጭነት በዚያው ቀረ። መኪኖቹ ይቆሙበት የነበረው አፈር ግን ባዶውን አልከረመም። መጀመሪያ አንድ ሰው የሸራ ዳስ ተከለበት። ቀጥሎ ዳሱ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ቆርቆሮው ግንብ ሆነ፤ ግንቡ በረንዳ አወጣ። ዛሬ ዳቦ ቤቱ የሚያምር ባለ ሴራሚክ በረንዳ አለው፤ ጎረቤታችን ጫት ነጋዴው ጫቱን የሚያስርበት መጋዘን ሠርቷል፤ የእኔም ሱቅ የፊት ግማሹ ያረፈው ድሮ የመኪና ጎማ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው። ማንም አልከለከለንም። እኛም አልጠየቅንም።

ታሪኩን ያስነሳው አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት የመጡ አንዲት ልጅና አንድ ወጣት ናቸው። ለየመንገዱ ስም ሊሰጥ ነው አሉን። ስሙን ቢሮ ተቀምጠን ከምናወጣ ሕዝቡ ራሱ የሚጠራበትን ብናጸድቀው ይሻላል፤ እስቲ የዚህን ሰፈር ታሪክ ንገሩን አሉ። በትሕትና ነው የተናገሩት። ፈገግ እያሉም ነው። እኔን ያስፈራኝም ፈገግታው ነው። ከመንግሥት ቤት የመጣ ሰው ሲቆጣ የሚፈልገውን ታውቃለህ፤ ሲስቅ ግን ምን እንደሚፈልግ ምንም መገመት አይቻልም። ነገ ተመለሱ፣ አስበን እንቆያችሁ ብለን ሸኘናቸው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ጫት ነጋዴው ቤት በርጫ ላይ ተሰበሰብን። ሰውየው ወፍራም፣ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡም ትልቅ ነው፤ ግን ከእኔ የባሰ ተጠራጣሪ ነው። አማርኛው ውስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ሹሙንም ሽማግሌውንም አንተ ነው የሚለው።

«አቦ፣ ማል ጄታ!» አለ፣ ምን ትላለህ ማለቱ ነው። «ስም ለማውጣት ሰው ይጠይቃል እንዴ? አንተ ልጅ ስትወልድ በየቤቱ እየዞርክ ምን ልበለው ብለህ ጠየቅክ? ወላሂ እነዚህ ስም አልፈለጉም። ታሪክ ነው የፈለጉት። ከታሪኩ ቀጥሎ ሜትር ይዘው ይመጣሉ።»

ዳቦ ቤቱ የአንዲት ክርስቲያን ሴትዮ ነው፤ እሷ በርጫ ላይ ባትቀመጥም በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «እውነቱን ነው» አለች። «ማብረጃ ያልን እንደሆነ ለምን ማብረጃ ተባለ ይላሉ። መኪና ይቆምበት ነበር ስንል የት ላይ ይላሉ። የት ላይ ሲሉን በረንዳዬን ላሳያቸው ነው?»

በሌሎች ከተሞች መንገድ ሲሰፋ ቤት እንዴት እንደሚፈርስ በቴሌቪዥን ያላየ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ስለዚህ ተስማማን። ማንም ማብረጃ የሚለውን ቃል አይተነፍስም። የተጠየቀ ሁሉ እኔ አላውቅም፣ ጎረቤቴን ጠይቁ ይላል።

በማግስቱ ሁለቱ ልጆች መጡ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ትኩስ ዳቦ አቅምሳ ወደ እኔ ላከቻቸው። እኔ ወንበር ጋብዤ ወደ ጫት ነጋዴው ላክኋቸው። እሱ ደግሞ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ወደ ዳቦ ቤቷ መለሳቸው። እንዲህ እንደ ኳስ ስንቀባበላቸው ረፋዱ አለቀ። ደከማቸውና ከሱቄ ጎን ካለው ደረጃ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። እዚያ ደረጃ ላይ እናቴ ፀሐይ ትሞቃለች። ጆሮዋ ከበድ ስላለ ስምምነቱን የነገራት ሰው አልነበረም፤ እንደ ሰውም አልቆጠርናት ይሆናል።

«ታኢ፣ ታኢ» አለቻቸው፤ ተቀመጡ ማለቷ ነው፣ ተቀምጠው እያለ። የማን ልጆች ናችሁ ብላ ጠየቀች። የልጅቷን አያት አወቀቻቸው። ከዚያ በኋላማ ማን ያቆማታል? እኔ ለአንድ ደንበኛ ሽቦ እየለካሁ ነበር። ስወጣ እናቴ ከዘራዋን ዘርግታ እያሳየች ነው።

«መኪናው እዚህ ነበር የሚቆም። ይሄ የዳቦዋ በረንዳ ያለበት። ያ የጫቱ ቤት ያለበት። ይሄ የልጄ ሱቅ ያለበት። መንገዱ እስከዚህ ነበር ልጄ፤ ሰፊ ነበር። ማብረጃ ነበር የሚባል። ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል።»

ወጣቱ ስልኩን አፏ ሥር ደቅኖ ይቀዳል። እኔ ሳልኩ። ደግሜ ሳልኩ።

«ምን ሆነህ ነው? ውሃ ጠጣበት» አለችኝ።

ሁለቱ ልጆች ጉልበቷን ስመው፣ እማማ እናመሰግናለን ብለው ሄዱ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ፊቷ በርቶ ዋለ። ስለ ውሃዋ የጠየቃት ሰው ካየች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እኔ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አስፋልቱ ላይ ሜትር የያዘ ሰው ስጠባበቅ ሰነበትኩ።

ሜትር አልመጣም። የመጣው ቀለም ነው። ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ሠራተኛ የቀይ ቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥሎ በየበረንዳችን ላይ ክብ ሠርቶ መሐሉ ላይ ነጥብ አኖረና ሄደ። የዳቦ ቤቷ ምሰሶ ላይ፣ የጫቱ መጋዘን ላይ፣ የእኔ ሱቅ ላይ። በከተማው ቀለም የምሸጥ እኔ ሆኜ ሳለ ቀለሙ ከእኔ አልተገዛም፤ ይህም በጣም አጠራጠረኝ። ቀይ ምልክት ግድግዳ ላይ ሲደረግ ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያ ሰው አይነገርም። ዳቦ ቤቷ ምሰሶዋን አቅፋ ቆመች። ቀስ ብላ ዞራ እናቴን አየቻት። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ዳቦ ቤቱን ከከፈተች ጀምሮ፣ ዳቦ ቤቷ በየረመዳኑ ሁልጊዜ፣ መግሪብ አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው ትኩስ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በገዛ እጇ ለእናቴ ታመጣለች። እሷ የሁዳዴ ጾም ላይ ብትሆንም ታመጣለች። ቆማ «እማማ፣ ጾሙን ይቀበልልዎ» ትላታለች፤ እናቴ በቴምር ከፈታች በኋላ መጀመሪያ የምትቀምሰው ያን ዳቦ ነው። ምልክቱ በተቀባበት ዕለት ግን ዳቦው ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ጫት ነጋዴውም፣ ሲያልፍ «አዴ፣ ነጋ ወይ!»፣ እናቴ ሰላም ነሽ ወይ፣ እያለ ሰፈሩን የሚያናጋው ሰው፣ ስልክ የሚያወራ መስሎ አንገቱን ደፍቶ ማለፍ ጀመረ። ከሰዓት ላይ እየመጡ እናቴን የሚያጫውቱ ሴቶች እግራቸው ተቆረጠ።

እናቴ በየማታው በር ላይ ተቀምጣ፣ ቴምሯን በመዳፏ ይዛ፣ የዳቦ ቤቱን በር ታያለች። አዛኑ ይላል፤ ቴምሯን ትበላለች፤ በሩን ደግማ ታያለች።

«ታማ ይሆን?» አለችኝ አንድ ማታ።

«አልታመመችም፣ እማ።»

«እንግዲያ ምን አደረግኳት?»

«መኪናው የት ይቆም እንደነበር ተናገርሽ።»

«ዱጋ ነው» አለች። እውነት ነው ማለቷ ነው። «እዚያ ነበር የሚቆም። አንተም ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ያናደደኝም እሱ ነው። እናቴ በቀረላት ዕድሜ የምትፈልገው ያን ደረጃና በዚያ ደረጃ የሚያልፍ ሰው ሰላምታ ብቻ ነበር፤ አሁን ደረጃው ቀርቶላት ሰላምታው ተወሰደባት። ተነሥቼ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ያችን ልጅ አገኘኋትና ቀዩ ምልክት ምንድነው አልኳት።

«ለታፔላው ነው» አለች። «የመንገዱ ስም የሚጻፍበት ታፔላ ምሰሶ የሚተከልበትን ቦታ ለማሳየት ነው። ማብረጃ የሚለው ጸድቋል እኮ! እማማን ደስ አይላቸውም?»

«ለታፔላ ከሆነ ለምን ቀይ?»

«ያለን ቀለም እሱ ነበር።»

ይህን መልስ አላመንኩትም። በአንድ ሰፈር ስንት ታፔላ ነው የሚተከለው? ጠየቅኳት። ሠራተኛው ከታዘዘው በላይ ቀብቶ ይሆናል አለች። ይህንንም አላመንኩም። ሆኖም ተመልሼ ለጎረቤቶቼ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ሰላም ይወርዳል ብዬ ነበር። ጫት ነጋዴው ዓይኑን አጥብቦ አየኝ።

«አንተን ማን ላከህ?» አለኝ። «ብቻህን ገብተህ ምን ተነጋገርክ? የአንተ ሱቅ ሊቀር፣ የእኛ ሊፈርስ ነው?»

ዕድሜዬን በሙሉ ሰው የጠረጠርኩ ሰው መጠርጠር ምን እንደሚመስል ያን ቀን ቀመስኩት። ጣዕሙ መራራ ነው። ተቆጥቼ ወጣሁ።

መፍትሔውን ያመጣው ግን ጫት ነጋዴው ራሱ ነው፤ ምልክቱን በበዓል ቀለም እንሸፍነው አለ። ኢድ እየደረሰ ነው፤ ለኢድ የቤቱን ፊት የማያድስ ሙስሊም የለም። ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተጎራብተው ስለነበር ፋሲካም እየመጣ ነው፤ ለፋሲካ ቤቱን የማያጸዳ ክርስቲያንም የለም። ለበዓል ቀለም የቀባ ሰው ምን ወንጀል ሠራ? በሁለት ቀን ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ክሬምና ሰማያዊ ሆነ። ቀለሙ ሁሉ ከእኔ ሱቅ ነው የወጣ። እንዲያውም በኋላ እንደሰማሁት፣ እናቱን ያስለፈለፋት ቀለም ሊሸጥ ነው የሚል ሐሜት ተነሥቶ ነበር። ሐሜቱ ብልህ ነው፤ የሌላ ሰው ቢሆን እኔም አምነው ነበር። እኔም የራሴን ቀባሁ። ቀዩ አልጠፋ ብሎ ደግሜ ቀባሁት። እናቴ ደረጃው ላይ ሆና ታየኛለች።

«ልጆቹ ያደረጉትን ለምን ታጠፋለህ?» አለችኝ።

«ለኢድ ነው፣ እማ።»

ከዘራዋን ተመርኩዛ ወደ ቤት ገባች።

ኢድ ሊሆን ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የቀን ሠራተኞች ምሰሶና ታፔላ በጋሪ ጭነው መጡ። ከማዘጋጃ ቤት አብሯቸው የመጣ ሰው አልነበረም። ቀይ ክብ ያለበት ቦታ ላይ ትከሉ ተብለዋል፤ አስፋልቱን ወጡ፣ ወረዱ፤ ቀይ ክብ የለም። የሚያምር ክሬም ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። እኛን ጠየቁን። አናውቅም፣ ጎረቤት ጠይቁ አልናቸው። ሲሚንቶው ተቦክቶ ሊደርቅባቸው ሆነ። ከገበያው ጀርባ ባለው የታችኛው መንገድ ላይ ግን ለዚያ መንገድ የተቀቡት ክቦች እንዳሉ ነበሩ፤ የዚያ ሰፈር ሰው ልብ ብሎ አላያቸውም። ሠራተኞቹ ወደዚያ ወረዱና የእነሱንም የእኛንም ታፔላ እዚያው ተክለው ሄዱ። አንድ መንገድ ሁለት ስም ይዞ አደረ። ማዘጋጃ ቤት ይስተካከላል አለ። እስካሁን አልተስተካከለም።

ሜትር የያዘ ሰውም እስካሁን አልመጣም። ያልመጣው ስሙ ስላልተተከለ ይሁን፣ መጀመሪያም ሊመጣ ስላላሰበ ይሁን፣ አላወቅኩም። ጫት ነጋዴው አተረፍኳችሁ ይላል። እኔ አላምነውም፤ ልጅቷንም አላምናትም።

ታፔላው በተተከለ በማግስቱ ማታ ዳቦ ቤቷ ነጩን ጨርቅ ይዛ ብቅ አለች። ከሩቅ አገር እንደተመለሰች ሁሉ የእናቴን ጉንጮች እያገላበጠች ሳመች። «እማማ፣ ጠፋሁብዎት አይደል? ሥራው እኮ ፋታ አልሰጠኝ አለ» አለቻት። እናቴ «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ሁኚልኝ» አለችና ዳቦውን ተቀበለች። ጫት ነጋዴውም ከዚያ ቀን ጀምሮ አዴ እያለ መጮሁን ቀጠለ። ይቅርታ ያለ ሰው የለም፤ የጠየቀም የለም። ዳቦውን ግን እናቴ ያን ማታ አልቀመሰችውም። ነገ እበላዋለሁ አለችና ሸፍና አስቀመጠችው።

ከኢድ በኋላ አንድ ጧት «ታፔላውን አሳየኝ» አለችኝ። ባጃጅ ጠራሁና ይዣት ወረድኩ። የታችኛው መንገድ ጠባብ፣ አቧራማ፣ አህያ የሚበዛበት ነው፤ እዚያ ኤንትሬ ሊቆም ይቅርና መዞርም አይችል። ምሰሶው ሥር ስንደርስ ወረድን። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም።

«አንብብልኝ» አለችኝ።

«ማብረጃ ነው የሚለው።»

እጇን ምሰሶው ላይ አሳርፋ ሽቅብ አየችው። ሰማያዊው ታፔላ ላይ ፀሐይ አርፎበታል። ፈገግ አለች። ደስ አለኝ፤ ቦታው የተሳሳተ ቢሆንም እንኳ ደስ አለኝ።

ወዲያው ከፊት ለፊት ያለው የቆርቆሮ በር ተከፈተና አንዲት ጎልማሳ ሴት ወጣች። ከአጥሩ በላይ ሁለት ሦስት ራሶች ብቅ አሉ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለችን። «ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ለማየት ብቻ ነው» አልኩ።

«ምኑን ለማየት? ይሄን ነገር መጥተው ደጃችን ላይ ተከሉብን። ማብረጃ የሚባል ነገር እኛ ሰፈር የለም፤ ኖሮም አያውቅ። ሰፈሩን ሊያነሡት ነው፣ ስሙን መጀመሪያ የለወጡት ለዚያ ነው የሚሉ አሉ።» ወደ እናቴ ዞረች፤ ድምፅዋን አለዘበች። «እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ይሄ ስም ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?»

እናቴን አውቃታለሁ። ታኢ ልትላት ነው አልኩ። የማን ልጅ ነሽ ልትላት ነው፤ ስለ ኤንትሬዎቹ፣ ጎማ ሥር ስለሚሸጎጠው ድንጋይ፣ ስለ ውሃው ልትነግራት ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ ብዙ እንድታወራ ፈለግኩ። አልስልም ብዬ አፌን ዘጋሁ።

እናቴ ሴትዮዋን አየቻት። ከአጥሩ በላይ ያሉትን ራሶች አየች። ከዚያ እጇን ከምሰሶው ላይ አነሣች።

«አላውቅም ልጄ» አለች። «እኛ መንገድ ስተን ነው።»

ክንዴን ይዛ ወደ ባጃጁ መለሰችኝ። ሰው ማመን ይጎዳሻል፣ ጥንቃቄ ልመጂ እያልኩ ስንት ዘመን የጨቀጨቅኳት ሴት፣ ይኸው በስተርጅናዋ ለመደችልኝ፤ እኔም በገዛ እናቴ አዘንኩ፣ ለእሷም አዘንኩላት። ገበያውን አልፈን ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እዚያ እንደወረድን ለጎረቤቶቹ አትንገር» አለችኝ።

እሺ አልኳት።